«ይደገም»፦ የሰውን ኀዘን ስለ መቅረጽ

በቴያትር ቤት «ይደገም» የሚለው ቃል ከሥራ መሣሪያዎች አንዱ ነው። አዘጋጁ ከአዳራሹ መካከል ተቀምጦ ቃሉን ይወረውራል፤ ተዋናዩ ወደ በሩ ይመለሳል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ እንደገና ይገባል፣ የወንድሙን ሬሳ እንደ አዲስ ያገኛል፣ እንደ አዲስም ይጮኻል። በዚህ የሚጎዳ የለም። ድግግሞሽ የሙያው ተፈጥሮ ነውና ተዋናዩ አይከፋም፤ ቢከፋም የሚከፋው የምሳ ሰዓት ስላለፈበት ነው። እኔ ግን ይህን ቃል ወደ ቴያትር ይዤው የመጣሁት ከሌላ ቤት ነው። ከ1996 እስከ 2000 ዓ.ም. በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የዜና ክፍል በዘጋቢነት ስሠራ በየቀኑ ማለት ይቻላል እናገረው ነበር። ቃሉ ያው ቃል ነው፤ የሚታዘዘው ሰው ግን ያው ሰው አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ማንሣት የምፈልገው ጥያቄ አንድ ነው። በአንድ ሰው ላይ በእርግጥ የደረሰን ነገር ለካሜራ ሲባል እንዲደግመው መጠየቅ ማታለል ነውን? ማታለል ነው ካልን ሐሰቱ የቱ ላይ ነው? ማታለል አይደለም ካልን ደግሞ፣ 20 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ እንኳ ነገሩን ሳስታውስ ፊቴ የሚግለው ስለ ምንድን ነው? በአንድ ወቅት «ግለ ሂስ» ይባል የነበረው ልማድ በየስብሰባው ተደጋግሞ ትርጉሙን እንዳጣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጽሑፌን በዚያ ስም አልጠራውም። ይሁንና የራስን ጥፋት ሳይጠቅሱ ስለ ሥነ ምግባር መጻፍ የሌላውን ጓዳ መፈተሽ ይሆንብኛል።

ወደ ዜና ክፍሉ የገባሁት ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ነበር። ትምህርቴ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ስለ ነበር ዜናን የሥነ ጽሑፍ ታናሽ ወንድም አድርጌ እመለከተው ነበር። ይህ ትዕቢቴ የቆየው እስከ መጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ድረስ ብቻ ነው። አርታኢዬ የጻፍሁትን አንድ ሙሉ ገጽ ተቀብሎ አራት መሥመር አስቀርቶ መለሰልኝ፤ ቅር መሰኘቴንም አይቶ «ቀሪውን ምስሉ ይናገረዋል» አለኝ። በኋላ እንደ ተረዳሁት በዚያ ቤት ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚታመንበት ሃይማኖት አልነበረም። ምስል ይናገራል፤ ምስል አይዋሽም፤ ምስል ከሌለ ዜና የለም።

ምስሉ ግን በድህነት የሚገኝ ነበር። ለመላው ክፍል የነበሩት ሦስት ካሜራና ሁለት መኪና ናቸው። የአንድ የቤታካም ካሴት ዕድሜ 30 ደቂቃ ነው፤ ለአንድ ጉዞ ሁለት ካሴት ከተሰጠን እንደ ሠርግ ስጦታ እንቆጥረው ነበር። ካሴቱም አዲስ አይደለም፤ ያለፈው ወር ዜና የተቀረጸበት ሆኖ አዲሱ በላዩ ይደረብበታል። ባትሪው አርጅቶ ሞልቶ ካደረ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሠራ ይደክማል። እንዲህ ባለ ሁኔታ የሚሠራ ሰው የሚሆነውን ሁሉ እየተከተለ ሊቀርጽ አይችልም። የሚሆነው ነገር እርሱ በተዘጋጀበት ደቂቃ እንዲሆንለት ይፈልጋል። «ይደገም» የሚለው ቃል የተወለደው ከዚህ ችግር ነው ብል ሙሉ በሙሉ ራሴን መከላከል አይሆንብኝም። የሙያ ልማዶች ብዙውን ጊዜ የሚወለዱት ከእጥረት ነው፤ የሚያረጁት ግን እጥረቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ከምንሠራው ዜና ውስጥ አብዛኛው የስብሰባ ዜና ነበር። ረጅም ጠረጴዛ፣ ሰው ሠራሽ አበባ፣ በየሰዉ ፊት የውኃ ጠርሙስ፣ ማስታወሻ የሚይዝ ተሰብሳቢ፣ ከዚያም ካሜራ ሲመጣበት ማስታወሻ መያዝ የሚጀምር ሌላ ተሰብሳቢ። ዜናው በ«ተገለጸ» ይጀምራል፤ በ«ተጠቆመ» ይቀጥላል፤ በ«ተመለከተ» ያበቃል። አማርኛችን አድራጊውን ሰውሮ ድርጊቱን ብቻ የሚያቆም ግሥ ሞልቶታል፤ የዜና ክፍሎቻችንም ይህን ሀብት ያለ ርኅራኄ በዝብዘውታል። ማን ገለጸ? ለማን? ሲገለጽስ ማን ሳቀ? (መምህራን ተማሪዎቻቸው ድርሰት ሲጽፉ «እንደሚታወቀው» ብለው ለምን እንደሚጀምሩ ቢጠይቁኝ፣ የማታውን ዜና አብረዋቸው ይመልከቱ እላለሁ።)

በእነዚህ ዜናዎች ውስጥ መደጋገም የማንንም ሕሊና አይነካም ነበር። ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ካሜራው አልደረሰም ሲባል፣ ሌላ ሪባን ተፈልጎ ባለሥልጣኑ እየሣቁ ዳግመኛ ይቆርጣሉ። በመማሪያ ክፍል መምህሩ ያልጠየቁት ጥያቄ እንደ ተጠየቀ ሆኖ ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ያወጣሉ። አንድ ጊዜ ገበሬ በሬዎቹን ፈትቶ ምሳውን ሊበላ ዋርካ ጥላ ሥር ከተቀመጠ በኋላ፣ እንዲጠምድልንና ሁለት ትልም ብቻ እንዲያርስልን ለመንሁት። ጠመደ። ሁለት ትልም አረሰ። ከዚያም ሞፈሩን እንደ ያዘ ወደ እኔ ዞር ብሎ «ይህንን የሚያይ ሰው አሁን እያረስሁ ይመስለዋል?» አለኝ። አዎን አልሁት። «እኔ ግን ምሳዬን እየበላሁ ነው» አለና ሣቀ። እኛም ሣቅን። ያ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለ ምስል ጠባይ የተናገረው፣ እኔ በአራት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ካገኘሁት የሚበልጥ መሆኑን ያን ጊዜ አላስተዋልሁም። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አብሮኝ ይወጣ የነበረው የካሜራ ባለሙያ በዕድሜ አባቴ ሊሆን ጥቂት የቀረው ሰው ነበር። ጋሼ እለው ነበር። በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ሥርጭቱ ከጥቁርና ነጭ ወደ ባለ ቀለም የተሸጋገረው ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ነው። ጋሼ ሥራውን የጀመረው ከዚያ ሽግግር በፊት በፊልም ነበር። ፊልም እንደ ካሴት አይደረብበትም፤ አንዴ ብርሃን የነካው ነገር አይመለስም። ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፣ የካሜራውን ቁልፍ ሲጫን ገንዘብ እንደሚከፍል ሰው ቆጠብ ይል ነበር። ለእኔ ይህ ቁጥብነቱ እርጅና ነበር የሚመስለኝ።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ድሬ ዳዋን የደቻቱ ወንዝ አጥለቀለቃት። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ደቻቱ ማለት ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውኃ የሌለበት ሰፊ የአሸዋ መንገድ እንደ ሆነ ያውቃል። በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ በአንድ ወገን በዕቅድ የተሠራችው ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ፣ መካከላቸው ይህ የአሸዋ ሜዳ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፤ ይነገድበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በዚያች ሌሊት ከከተማዋ በስተ ደቡብ ባሉት ደጋዎች የዘነበው ዝናብ ተሰብስቦ፣ ሰው በተኛበት ሰዓት መጣ። ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ የት እንደ ደረሱ ያልታወቁም ብዙ ነበሩ፤ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ።

እኛ የደረስነው ውኃው ካለፈ በኋላ ነው። ውኃው አልፎ የቀረው ጭቃ፣ ድንጋይ፣ የተጣመመ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የተነቀለ ዛፍ፣ በጭቃ ውስጥ የቆመ የሕፃን አልጋ ነበር። ስለ ጥፋቱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። በዚያ የነበሩ ሰዎች ያውቁታል።

አንዲት ሴት ነበረች፤ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ከአንድ የፈረሰ ግድግዳ ሥር እየቆፈረች የማሰሮ ክዳንና የአንድ እግር ጫማ አወጣች። ጫማው የወንድ ልጅ ነው። በእጇ እንደ ያዘችው ቆየች፤ ከዚያም ከውስጧ አንድ ድምፅ ወጣ። ያ ድምፅ በመድረክ ሰምቼው አላውቅም፤ ልጽፈውም አልችልም። እኔ ማይክሮፎኑን ይዤ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርሁ። ወደ ጋሼ ዞር ስል ካሜራውን ከትከሻው አውርዶታል። «ምነው?» አልሁት። «ካሴት አልቋል» አለኝ።

ከቦርሳዬ ሁለተኛውን ካሴት አውጥቼ ሰጠሁት። ሳይናገር ተቀበለኝና ለወጠው። እኔም ወደ ሴቲቱ ቀረብሁና የሚከተለውን ተናገርሁ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጫማውን ሲያገኙ የነበረው አልተቀረጸልንም። እስኪ ከመጀመሪያው አንድ ጊዜ ይድገሙልን።»

ድሬ ዳዋ ውስጥ «እርስዎ» የሚለው አነጋገር እምብዛም አይዘወተርም። ትልቁም ትንሹም፣ ሹሙም ሸቃጩም «አንተ» ነው፤ «አንቺ» ነው። ይህ ንቀት ሳይሆን የከተማዋ ፍቅር ነው። የእኔ «እርስዎ» በዚያች ሴት ጆሮ ላይ አክብሮት ሆኖ እንዳልገባ አሁን ይገባኛል። የቢሮ ድምፅ ነበር። ምዝገባ ነበር፤ ርዳታ ነበር፤ ምናልባትም ትእዛዝ። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ጫማውን ወደ ነበረበት ጉድጓድ መለሰችው። አፈር አለበሰችው። ተነሥታ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፤ ተመልሳ መጣች፤ ተንበረከከች፤ ቆፈረች፤ ጫማውን አወጣች፤ አለቀሰች። ሲያበቃም ቀና ብላ አየችኝና «ልጄ፣ አሁንስ ተያዘልህ?» አለችኝ።

ተይዞ ነበር። ማታ ታየ። ባልደረቦቼ አመሰገኑኝ፤ ከዚያ በፊት ስሜን የማያውቁት የሥራ ኃላፊ በመተላለፊያው ላይ አስቁመው ትከሻዬን መቱኝ። የምስሉን ርዝመት ለማሰብ አንባቢ እስከ ዐሥራ አራት ይቁጠር፤ ዐሥራ አራት ሴኮንድ ነበር።

መከላከያዬን አስቀድሜ ልናገር። በመጀመሪያ፣ ሐሰት የሆነ ነገር አልታየም። ልጁ ሞቷል፤ ጫማው የእርሱ ነው፤ እናቲቱ እናቱ ናት፤ እንባው እንባ ነው። ገበሬው ሲያርስ የታየው በምሳው ሰዓት ነው፤ ይህች ሴት ግን የታየችው በኀዘኗ ሰዓት ነው። እንዲያውም ሁለተኛው ልቅሶ ከመጀመሪያው የሚያንስ እንደ ነበረ ማን ሊፈርድ ይችላል?

ደግሞም መደጋገም በራሱ ለኀዘን ባዕድ አይደለም። በአገራችን ልቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህንን ያውቃል። ከሩቅ አገር የመጣ ወዳጅ ከደጅ ሲደርስ፣ ጥቂት ረግቶ የነበረው ቤት ይነሣል፤ ሐዘንተኛዋ ቆማ እንደ መጀመሪያው ሰዓት ታለቅሳለች። ሌላው ሲመጣ ደግሞ እንደገና። ሙሾ አውራጅ የሟቹን ታሪክ ከጅምሩ ታነሣለች፤ ዘመዶቹ ይቀበላሉ። ሰልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ሁሉ ያንኑ ቁስል በቀጠሮ የሚከፍቱ ናቸው። በሙስሊሙም ቤት ሥርዐቱ ይለያል እንጂ፣ ሐዘንተኛውን ለብቻው አለመተው ያው ነው። እንግዲህ አባቶቻችንና እናቶቻችን «ይደገም» የሚለውን ቃል ከቴሌቪዥን በፊት ያውቁት ነበር ማለት ነው። የተደገመ እንባ ሐሰተኛ ነው የሚል ሰው የሕዝባችንን የልቅሶ ሥርዐት በሙሉ ሐሰት ነው ማለት ይኖርበታል፤ ይህ ደግሞ መኻይምነት ነው።

ይህን ክርክር ለብዙ ጊዜ ይዤው ኖሬአለሁ፤ ጥሩ ክርክር ነው። የሚሰበረው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ከሩቅ የመጣው ወዳጅ ደጅ ሲደርስ እርሱ ራሱ ያለቅሳል። እንባውን ይዞ ነው እንባ የሚጠይቀው። አለቀሰም አላለቀሰም መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ከሌላው ጋር ያድራል፤ ቤተሰቡ እህል ቀምሶ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ በሰልስቱ ይመለሳል፤ በእርሱ ቤት ሞት ሲደርስ ደግሞ ዛሬ ያስለቀሳት ሴት መጥታ ታለቅስለታለች። ብድሩ ይታወቃል። እኔ ያን ቀን ስንት ሰዓት ድሬ ዳዋ እንደ ቆየሁ ብትጠይቁኝ የማስታውሰው፣ ዜናውን ለማድረስ መኪናው ቀደም ብሎ መነሣት እንደ ነበረበት ነው። ስለዚህ ነገሩ የተበላሸው በድግግሞሹ ሳይሆን በጠያቂው ነው። ልቅሶ ደራሽ ሳልሆን የልቅሶ ደራሽን መብት ወሰድሁ።

የቴያትር ሰዎች ሌላ መከላከያ ሊያቀርቡልኝ ይችላሉ። ዲድሮ የተባለው ፈረንሳዊ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ታላቅ ተዋናይ የሚያሳየውን ስሜት በዚያው ሰዓት የማይሰማው ነው ብሎ ተከራክሯል። ስታኒስላቭስኪ ደግሞ በተቃራኒው ተዋናዩ የራሱን ያለፈ ስሜት ከትዝታው ቆፍሮ እንዲያወጣ አስተምሯል። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ይዘው ነው የሚነሡት። ተዋናዩ መድረክ ላይ መሆኑን ያውቃል፤ ፈቅዶ ነው የወጣው፤ መጋረጃው እንደሚዘጋ፣ ከተዘጋም በኋላ ልብሱን ለውጦ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ያውቃል። ያች ሴት መጋረጃ አልነበራትም። ሲያበቃ የምትሄድበት ቤት አልነበራትም፤ ቤቷ ያ ጉድጓድ ነበር። ከዚህም የባሰ ነገር አለ። «አሁንስ ተያዘልህ?» ባለችኝ ጊዜ ለአንድ አፍታ ተዋናይ ሆናለች፤ ያደረግኋት እኔ ነኝ። በልጇ ሞት መካከል ቆማ የእኔ ሥራ እንዳይበላሽ ተጨነቀችልኝ። ከሁሉ የሚከብደኝ ለቅሶው ሳይሆን ይህ ቸርነት ነው።

ሁለተኛው መከላከያ ውጤቱ ነው። ሕዝብ ካላየ አይራራም፤ ካልራራ አይረዳም፤ ስለዚህ የአንዲት ሴት ምቾት ለብዙዎች ሕይወት መሥዋዕት ቢሆን ምን አለበት? ይህ ክርክር በእኛ አገር ባዶ ቃል አይደለም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረኀብ የሚያሳይ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ፤ የዘውዱ መንግሥት ሊሸፍነው ይሞክር የነበረው ጥፋት ዓለም አወቀው። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የታየው ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። በረኀብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ እየገባ ተቀጣጥሎ ነበር። በማግሥቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ይህን ምሳሌ ለተማሪዎች ሳቀርብ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። በዚያ ማታ ከታየው ውስጥ ሐሰቱ የቱ ነበር? ረኀቡ እውነት ነው። ድግሱም እውነት ነው። ሐሰት ልንለው የምንችለው አንድም ቁራጭ የለም። ሁለቱን እውነቶች ያገናኘው መቀስ ግን የራሱ ንግግር ነበረው፤ የሚናገረውም ለሥልጣን ነበር። ፍርዱ ትክክል ነበር የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ረኀቡን መሸፈን ይቅር የማይባል ነበር እላለሁ። በዚያ ፊልም ውስጥ የሚታዩት ሰዎች ግን በመጀመሪያ ለርኅራኄ፣ ቀጥሎም ለክስ ማስረጃነት ሲውሉ፣ በሁለቱም ጊዜ የጠየቃቸው የለም።

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም ያስተላለፉት ዜና ደግሞ ዓለምን አንቀሳቀሰ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ታላላቆቹ የለንደንና የፊላደልፊያ የሙዚቃ ዝግጅቶች ተደረጉ። መሐመድ አሚን በሙያው ታላቅ ሰው ነበር፤ በኅዳር 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ በኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው የኢትዮጵያ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አልፏል። የእርሱ ምስሎች ነፍስ አድነዋል፤ ይህን የሚክድ ሰው እህሉን ያልበላ ነው። በዚያው ዘመን የካናዳ ጋዜጠኞች ለሞት የተቃረበች ብላ የቀረጿት ብርሃን ወልዱ የተባለች ሕፃን ደግሞ ተርፋ አደገች፤ በ1997 ዓ.ም. በለንደን በተደረገው ሌላ ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ በመድረክ ቆመች፤ ከኋላዋ የራሷ የሕፃንነት ፊት በትልቅ መስኮት እየታየ። ብዙዎች በዚያ ተደስተዋል። እኔ ግን ያን ጊዜ ዘጋቢ ነበርሁና ዜናውን ስናጠናቅር የመጣብኝ ሐሳብ፣ ይህች ወጣት ያንን ፊት መቼ ነው መልሳ የምትረከበው የሚል ነበር። ሐሳቡ በመጣብኝ በዓመቱ ድሬ ዳዋ ሄጄ ያደረግሁትን አደረግሁ። ሐሳብ ብቻውን ማንንም አያግድም።

ኢማኑኤል ካንት የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀምበት ብሎ አስተምሯል። ይህን ትምህርት የሚጠቅስ ሰው ብዙ ጊዜ «ብቻ» የምትለዋን ቃል ይዘልላታል። እንጀራ የሚሸጥልንን፣ መኪና የሚነዳልንን ሰው ሁሉ እንደ መሣሪያ እንጠቀማለን፤ በዚህ ነውር የለም። ነውሩ ያለው «ብቻ» ላይ ነው። እኔስ ለሴቲቱ አዝኜ አልነበረምን? አዝኜ ነበር። ጉሮሮዬ ተንቆ ነበር። ኀዘኔ ግን እጄን አላዘገየውም፤ እንዲያውም ማይክሮፎኑን ወደ እርሷ ያስጠጋው ያው ኀዘን ነው። «ይህ የሚያሳዝን ነው፤ መታየት አለበት» አልሁ። ማዘን ከመጠቀም ያድናል የሚለው የብዙ አርቲስቶች እምነት ስሕተት መሆኑን በዚያ ቀን ተምሬአለሁ፤ ገጣሚም ብሆን ከዚህ የተሻልሁ አይደለሁም።

አሁን ወደ ጋሼ ልመለስ። በአርትዖት ክፍል ውስጥ የመጀመሪያውን ካሴት ስናጫውተው አላለቀም ነበር። ከጭቃውና ከቆርቆሮው ምስል በኋላ የካሜራው ዐይን ወደ መሬት ዘቅዝቆ የእኔን ጫማ ያሳያል፤ ከዚያ ይቋረጣል፤ ቀሪው ባዶ ነው። ዐሥር ደቂቃ የሚሆን ካሴት ይቀር ነበር። ጋሼ አርጅቷል ብዬ አሰብሁ፤ ለማንም ሳልናገር ውለታ የዋልሁለት መሰለኝ። ጡረታ ከወጣ በኋላ በ2003 ዓ.ም. ቡና ቤት ተገናኝተን ነገሩን እንደ ቀልድ ባነሣበት፣ «ካሴቱ እንዳላለቀ አውቃለሁ» አለኝ። «ታዲያ ለምን ሁለተኛውን ቀረጽኸው?» አልሁት። ስኒውን አስቀመጠና፣ «የመጀመሪያው የእርሷ ነበር። ሁለተኛው የአንተ ነው፤ የአንተን ነው የቀረጽሁት» አለኝ።

ለብዙ ወራት ይህ መልስ የመጨረሻው መልስ መስሎኝ ነበር። እውነተኛውን ልቅሶ ለመጠበቅ የዋሸ ሰው፣ እውነትን ለማሳየት ያስዋሸ ሰው፤ እርሱ ጻድቅ፣ እኔ ኃጥእ። ዛሬ ግን ጋሼንም እሞግተዋለሁ፤ በሕይወት ሳለም ይህንኑ ነግሬዋለሁ። ካሜራውን ማውረድ ንጹሕ እጅ አይሰጥም። የ1965ና የ1966ቱ ረኀብተኞች በዝምታም ሞተዋል። ማንም ባያሳያቸው ኖሮ ክብራቸው ይጠበቅ ነበር ለማለት የሚደፍር ይኖራል? በድሬ ዳዋ ሁላችንም ካሜራችንን አውርደን ብንመለስ፣ የዚያች ሴት ልጅ በዜና አንባቢው አፍ ከ250 በላይ ከሚለው ቁጥር ውስጥ አንዱ ሆኖ ያልፍ ነበር፤ ቁጥር ደግሞ ጫማ የለውም። ጋሼ ሊያደርግ ይችል የነበረ ሌላ ነገር ነበር። ክንዴን ይዞ «ተው» ሊለኝ ይችል ነበር። አላለኝም፤ ሁለተኛውን ካሴት ተቀበለኝ። ይህን ስነግረው ቅር አላለውም። «አንተ ዘጋቢው ነበርህ» አለ ብቻ። የሥራ ድርሻ የሕሊና ድርሻ ሆኖ የሚያርፈው እንዲህ ነው፤ በቢሮም፣ በስብሰባም፣ ከዚህ በከፋ ቦታም አይተነዋል። እያንዳንዱ የራሱን ካሴት ብቻ ይቀይራል።

ታዲያ ምን ይደረግ ነበር? ሦስት ነገር ይቻል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ሁሉም ቀላል ናቸው፤ አስቸጋሪ ቢሆኑ ኖሮ ምክንያት አገኝ ነበር። ጫማውን ብቻ ይዛ በቆመችበት፣ ዝም ባለችበት፣ መቅረጽ ይቻል ነበር። መቀመጥ ይቻል ነበር፤ ማለት መሬት ላይ፣ ከአጠገቧ፣ ማይክሮፎኑን አጥፍቶ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልትናገር ብትፈልግ ትናገራለች፤ ሐዘንተኛ መናገር ይፈልጋልና ብዙ ጊዜ ትናገራለች። ስሟን መጠየቅም ይቻል ነበር። አልጠየቅኋትም። በምስሉ ሥር የተጻፈው «የአደጋው ተጎጂ» የሚል ነበር።

ዛሬ ካሜራ በየሰዉ ኪስ አለ። ቀብር ላይ ስልክ ከፍ አድርጎ የሚቀርጽ ሰው፣ ሐዘንተኛዋ ፊቷን እንድታዞርለት ስሟን የሚጣራ ሰው አይቻለሁ፤ እጥረት የወለደው ልማድ እጥረቱ ካለፈ በኋላ አድጎ እንዲህ ሆኗል። ወጣቶቹን ለመውቀስ ግን አፌ አይከፈትም። ቢያንስ እነርሱ «እርስዎ» ብለው አያዝዙም።

በ2004 ዓ.ም. ለሌላ ጉዳይ ድሬ ዳዋ ሄድሁ። በደቻቱ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ አሸዋው ደርቋል፤ ሰው ይሻገራል። ግድግዳው የነበረበትን ቦታ ፈልጌ ያገኘሁት መሰለኝ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ስሟን ስለማላውቅ ማንን ብዬ ልጠይቅ? «ጫማ ያገኘችው ሴት» ብዬ አንድ ባለ ሱቅ ጠየቅሁ። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ተመለከተኝና «የትኛዋ?» አለኝ።

ካሴቱንም በኋላ አስፈልጌው ነበር፤ በላዩ የስብሰባ ዜና ተደርቦበታል። ስለ እርሷ ቴያትር ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ፤ ሁለተኛው ገቢር ላይ አንዲት ተዋናይት ጉድጓድ መቆፈር አለባትና። በሌሎቹ ቴያትሮቼ ልምምድ ላይም ልጅ የሞተባት እናት ገጸ ባሕርይ ካለች «ይደገም» የሚለውን ቃል ራሴ አልናገርም። ረዳት አዘጋጁ ይናገርልኛል። እኔ ያን ጊዜ ማስታወሻዬን እያየሁ ነው።